ጀብዱ የማን ነው?

ስለ ጀብዱ ድርሰት በሚነሣ ክርክር ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ወገን የሥዕል ታሪክ መጽሔትንና የስልክ ጨዋታን የሥራ ፈት መዋያ አድርጎ ስለሚያይ፣ ከተማሪው እጅ መንጠቅን እንደ ማስተማር ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ወገን ከውጭ የመጣውን ሁሉ ሳያላምጥ ይውጣል። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል፤ ይኸውም በታሪኩ ውስጥ የሚያስበውና የሚወስነው ማን ነው? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጎረቤላ ጥሩ ምስክር ናት። ከዚህች የአንኮበር ወረዳ ከተማ በስተምሥራቅ ምድሩ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሲራራ ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ አንኮበር ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በሦስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዞው ታላቅ ጀብዱ ሆኖ ቀረበ፤ ባለ ጀብዱዎቹም እርሱና ባልደረቦቹ ሆኑ። የውኃውን ቦታ የሚያውቀው መሪና ግመሉን የጫነው ነጂ ግን ያንኑ በረሃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመላልሰውበታል። የእነርሱ ሥራ ተባለ እንጂ ጀብዱ አልተባለም።

ልማዱ ከሃሪስ ጋር አልተቀበረም። በልጅነቱ በፋሺስት ወረራ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሁጎ ፕራት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መርከበኛውን ኮርቶ ማልቴዝን ወደ አፍሪካ ቀንድ አመጣው። ፕራት ከሃሪስ ይሻላል፤ ኩሽ የተባለው ተዋጊው ኩሩና አንገቱን የማይደፋ ሰው ነው። ቢሆንም ተከታታዩ የሚጠራው በመርከበኛው ስም ነው።

በአገራችን መልስ መሰጠት መጀመሩ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2018 በበስራት ደበበ መሪነት የወጣው «ጀምበር» ልዕለ ኃያሉን ኢትዮጵያዊ አድርጎታል፤ «ኩኩሉ» የተሰኘው የስልክ ጨዋታም ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ባለ ታሪክ አድርጓል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ለባዕዱ ጀግና ካባ ደርቦ ስሙን መለወጥ ብቻውን ግብ ሊሆን አይችልም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይኸውም የራስን ጀግና መፈክር ማድረግ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በሸዋ እነ ራስ አበበ አረጋይ በዱር ሲዋጉ፣ የውስጥ አርበኞች ጠላት በያዛቸው ከተሞች እየኖሩ መረጃና ጥይት ያቀብሉ ነበር። ከጠላት ጋር እየዋለ ለወገን የሚያድር ሰው ከማንኛውም የስለላ ልብ ወለድ የበለጠ ጉዳይ አለው። ይህን ሰው የማይፈራና የማይሳሳት አድርጎ መሣል ግን ገድሉን መስረቅ ነው። ካልፈራ ምኑን ደፈረ? ታዳጊው አንባቢም ራሱ የሚያውቀውን ፍርሃት በገጹ ላይ ካላገኘ መጽሔቱን ጥሎ ወደ መርከበኛው ይመለሳል፤ መብቱም ነው።

ስለዚህ መምህሩ መንጠቁን ትቶ ከተማሪው ጋር ያንብብ፤ «እዚህ ላይ የወሰነው ማን ነው?» ብሎም ይጠይቅ። የባህል ኃላፊው ከደራሲው ውዳሴን አይጠብቅ። ደራሲውና ሠዓሊው ደግሞ በአልዩ አምባ ቁልቁለት ይውረዱ፤ ግመል ነጂው ስም ይኑረው፣ መንታ መንገድ ላይ ይቁም፣ ይጠራጠር፤ የሚይዘውን መንገድም ራሱ ይምረጥ።