ሩኽሷው የእርሳቸው ነው፤ ሥራው የእኛ



የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ካለፉት ዓመታት መደርደሪያ ርዕስ እያገላበጥን ነው። እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ሰው ሠራሽ እግር ላይ እንሥራ። ከምረቃ በኋላ ለማስተርስ አዲስ አበባ ወይም ጅማ የምትሄዱ ደግሞ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ላብራቶሪዎችን በር አንኳኩ። በዚህ ሙያ ውስጥ እኛ ካላነሳነው ሌላ ሰው ላያነሳው የሚችል ጥያቄ አለ፦ ይህ እግር ሱጁድ ያስወርዳል ወይ?

ጥያቄው የቴክኒክ ጥያቄ ነው። ስንራመድ ጉልበታችን የሚታጠፈው ቢበዛ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ያህል ነው። በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ስንቀመጥ ግን ከ130 ዲግሪ ያልፋል። በሱጁድ ጊዜ መሬት እንዲነኩ ከታዘዙት ሰባት አካላት መካከል የሁለቱ እግሮች ጣቶች ይገኙበታል። ብዙ የሚታደለው ርካሽ ሰው ሠራሽ እግር ቁርጭምጭሚቱ የማይንቀሳቀስ፣ ተረከዙ ብቻ የሚለሰልስ ነው። ወንበር ላይ ለሚቀመጥና አስፋልት ላይ ለሚሄድ ሰው ይበቃል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሽንት ቤት ቁጢጥ ይላል፤ ጫማውን አውልቆ መስጂድ ይገባል፤ በቀን አምስት ጊዜ ውኃ ይነካል። በክረምት ደግሞ የባሌ ጭቃ አለ።

በሰፈራችን መስጂድ የማውቃቸው አንድ አባት ከጉልበታቸው በታች እግራቸው ተቆርጧል። ሰው ሠራሹን እግር አድርገው ሲንበረከኩ የሶኬቱ ጠርዝ ከጉልበታቸው በስተኋላ ይወጋቸዋል፤ አውልቀው ሲንበረከኩ ሚዛን ያጣሉ። ስለዚህ እግሩን ከግድግዳ አስደግፈው በወንበር ይሰግዳሉ። "ልጄ፣ ግንባሬ መሬት ከነካ ሦስት ዓመቱ" አሉኝ አንድ ቀን።

"ታዲያ ሸሪዓው አቅልሎላቸው የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ አልሐምዱሊላህ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ሱጁድ ያቃተው በጭንቅላቱ ያመለክታል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የተቆረጠ ሰው እግሩን የማጠብ ግዴታ ይነሳለታል። ሶላታቸው የተሟላ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ነገር ግን ሩኽሷው የተሰጠው ለእርሳቸው ነው። ማሽን ዲዛይን፣ የቁስ ጥንካሬና ስታቲክስ ለተማርነው ለእኛ እጅ አጣጥፎ መቀመጫ አይሆንም።

ኪታብ ቤት የተቀመጥን ብዙዎቻችን የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድን (ረ.ዐ) ታሪክ እናውቀዋለን። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ እንደዘገቡት በኩላብ ውጊያ አፍንጫው ተቆርጦ በብር አሠራ፤ ብሩ ሸተተበት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ኡስታዞቻችን ይህን ሐዲስ የሚያነሱት ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ በችግር ጊዜ እንደሚፈቀድ ለማስረዳት ነው። ኢንጂነር ሆኖ የሚያነበው ሰው ሌላም ነገር ያያል። የመጀመሪያው ቁስ ከሰውነት ጋር አልተስማማም፤ ሰውየውም "ቻለው" አልተባለም። የተሻለ ቁስ ተመረጠለት።

ከእኛ ኑሮ ጋር የሚመሳሰል ኑሮ ያላቸው ሕንዶች ይህንኑ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በጃይፑር ከተማ ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ባለሙያና ፕ.ኬ. ሴቲ የተባሉ የአጥንት ሐኪም ከጎማ የተሠራ የእግር መዳፍ አወጡ። ከውጭ የሚመጣው እግር ቁጢጥ ለማለት፣ እግር አጣጥፎ ለመቀመጥ፣ በባዶ እግር ረግረግ ማሳ ውስጥ ለመግባት አላስችል ስላለ ነበር። ሻርማ በትምህርት ብዙ ያልገፋ ሰው ነበር፤ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ግን ያውቅ ነበር።

እኛ ጋስ ምን አለ? ካምፓሳችን ሮቤ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ሪፈራል ሆስፒታል ጎባ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በስኳር በሽታ፣ በመኪና አደጋ፣ ወይም ወጌሻ አጥብቆ ባሰረው ስብራት ደም ተቋርጦ እግሩን ያጣ ሰው ምን እንደሚቸግረው ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ቁሱም ሩቅ አይደለም። ቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በብዙ አገሮች ሰው ሠራሽ እግር የሚያሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሲናና ስንዴ የሚሞላበት ማዳበሪያ የሚሸመንበት ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ይሆናል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሻገር ሰው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ሰነቴ ላይ ያልፋል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህን ለመፈተሽ ከባሌ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

"በጀት የለም" ለሚለው፦ ከመፈተሻ ማሽን እንጀምር። በዓለም አቀፉ መለኪያ አይሶ 10328 መሠረት ሰው ሠራሽ እግር 3 ሚሊዮን ጊዜ ተረግጦ መቆየት አለበት። በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢረገጥ ሌት ተቀን 35 ቀን ያህል ይፈጃል። ሞተር፣ ክራንክና ቆጣሪ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋ ቆጣሪው የት እንዳቆመ የሚያስታውስ ይሁን እንጂ! ያልተፈተሸ እግር ሰው ላይ ማድረግ አማና ማጉደል ነው፤ የሚወድቀው ሰው ነውና። እግሩም አንዴ ተሠርቶ አያበቃም፦ አዋቂ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ የሚያድግ ልጅ ደግሞ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መቀየር አለበት። ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚሠራና የሚጠገን መሆኑ ወሳኝ ነው።

ለእህቶቼ ለብቻው የምለው አለኝ። ሶኬት የሚሠራው የቀረው የእግር ክፍል በጀሶ ተጠቅልሎ ቅርጹ ተወስዶ ነው። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠባት ሴት ይህ እስከ ታፋ ድረስ መገለጥን ይጠይቃል። ለኪዋ ወንድ ብቻ ከሆነ ሐያእ ይዟት ቤቷ የምትቀር እናት ትኖራለች። ይህን ክፍተት ከእናንተ በቀር ማን ይሞላዋል?

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋል፤ ግብርናን፣ ሽመናንና ስፌትንም አክለዋል። በዘመናቸው ሰዉ ወደ ፊቅህ ክርክር እየጎረፈ ሕክምናን መተዉን ነቅፈዋል። እኛም ዳዕዋ ሲባል ሚንበርና ማይክ ብቻ የሚታየን ከሆነ ነቀፌታው ይደርሰናል። ፈርዱል ኪፋያ በቂ ሰው ሲሠራው ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልሠራው ግን ወንጀሉ የሚችሉት ሁሉ ነው።

ስለዚህ ርዕስ ማስገቢያው ሳይዘጋ ከሜካኒካል፣ ከኤሌክትሪካልና ከጤና ተማሪዎች አንድ ቡድን እንመሥርት፤ እህቶችም የራሳቸውን። መጀመሪያ ጎባ ሄደን እንጠይቅ፤ ከዚያ እንለካ፤ ከዚያ እንሥራ። አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፤ ሥራውንም ሶደቀቱን ጃሪያ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።