በእርምጃ ስልክ ይሞላል ለሚሏችሁ

ጫማ ውስጥ ገብቶ በመራመድ ብቻ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል የሚባል ዕቃ ቢያቀርቡላችሁ ለጊዜው ገንዘባችሁን አታውጡ። ሳይንሱ ግን ውሸት አይደለም፤ እንዲያውም በመተማና በገዳሪፍ መካከል ለምንነግድ ሰዎች የሚበጅ ነገር አለው እንላለን።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በበጋ ሹራብ ስናወልቅ ይንጣጣል፤ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ሲጎተት የእጃችን ጸጉር ይቆማል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ኤሌክትሪክ ይወስዳል። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ፕሮፌሰር ዦንግ ሊን ዋንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ሰብስቦ ወደ ሽቦ የሚያስገባ ስስ መሣሪያ ይፋ አደረጉ። ናኖጄኔሬተር ይሉታል። ፀሐይም ነዳጅም አይፈልግም፣ እንቅስቃሴ ብቻ።

ችግሩ መጠኑ ነው። ቮልቱ መቶዎች ሊደርስ ይችላል፣ ከረንቱ ግን ኢምንት ነው። የአንድ ስማርት ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። መሣሪያው ሌት ተቀን የአንድ ዋት አንድ ሺኛ ቢሰጥ ያን ባትሪ ለመሙላት 15,000 ሰዓት፣ ማለትም 625 ቀን ይፈጃል። በእግር ካርቱም ደርሶ መመለስ ይፈጥናል። እርጥበትም አይወድም፤ በደንብ ካልታሸገ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ይዳከማል።

ስልክ ደግሞ ለእኛ ጌጥ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. የሾዋክ ኃይል ጣቢያ በድሮን ተመትቶ ገዳሪፍና ከሰላ ሲጨልሙ እንደታየው፣ ስልኩ የዘጋበት ነጋዴ ባንካክ ላይ ያለውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ አይችልም። ለዚህ መፍትሔው ተዋጥቶ የሚገዛ የሶላር ፓኔል ነው፤ ሌላ አማላይ ነገር አንፈልግ።

ታዲያ ናኖጄኔሬተሩ የት ይጠቅማል? መጋዘን ውስጥ። እርጥበት የገባበት ሰሊጥ ይሻግታል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ እኛም የምናውቀው ብዙ ጊዜ ጆንያው ሲፈታ ነው። እርጥበት ለክቶ በየጥቂት ሰዓቱ አጭር ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ የሚፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ነፋስ የሚያንቀጠቅጠው ቆርቆሮ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ቀስ በቀስ ሊያጠራቅምለት ይችላል። ባትሪ ቀያሪ አያሻውም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም፤ በወዲያኛው በኩል ገዳሪፍም ዩኒቨርሲቲ አለው። የነጋዴ ማኅበሮቻችን ሄደው የምህንድስና ተማሪዎቹን ይጥሯቸው። አንድ የመጋዘን ጥግና ጥቂት ኩንታል ሰሊጥ ለሙከራ መስጠት የሚከብደን አይመስለንም።