ብሬከሩ ለምን ይወርዳል?

በዓል ሲቃረብ ምግብ ቤታችን ጎራ የሚሉ እናቶች የሚጠይቁኝ ስለ ወጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «እንጀራ እየጋገርኩ ለቡና ትንሿን ምድጃ ስሰካት መብራቱ ድርግም ይላል፤ ምጣዱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ቤቱ?» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጉዳዩ ያለው አንድ መስመር ላይ የጫንነው ሎድ ላይ ነው።

እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ምግብ ቤት ይዞ የሚኖር ሰው ይህን ሳይወድ በግዱ ይማራል። ሎድ ማለት ከመስመሩ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ማንኛውም ዕቃ ነው። ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም።

ምጣድ፣ ምድጃ፣ የቤት ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያ የሙቀት ሎድ ናቸው። መርካቶ ሬዚስታንስ የምንለው ሽቦ ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ በቃ። ክፋቱ ብዙ መውሰዱና ለረጅም ሰዓት መውሰዱ ነው። እዚህ አሜሪካ የተለመደው ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን፣ ባለ 15 አምፔር መስመር ቢበዛ 1,800 ዋት ይሸከማል። 1,500 ዋት ምጣድ ብቻውን 12.5 አምፔር ይወስዳል። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሎድ ደግሞ የመስመሩ 80 በመቶ ብቻ ነው የሚታሰበው፤ ከ15ቱ 12 ማለት ነው። የበዓል እንጀራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለእናንተ አልነግርም! እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን መስመሩን ሞልቶታል። የወጥ ቤት መስመር ባለ 20 አምፔር ቢሆን እንኳ 2,400 ዋት ነው፤ ምጣዱ 1,500፣ የቡናው ምድጃ 1,000 ከሆኑ አልፈውታል። ስለዚህ ቡናውን በሌላ መስመር አፍሉ። የትኛው ሶኬት ከየትኛው ጋር እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ብሬከር አጥፍታችሁ የትኞቹ ሶኬቶች እንደሞቱ ተመልከቱ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብሬከር ሲወርድ ደስ ሊላችሁ ይገባል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይወርድ የሚቀረው ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ እንጂ የእናንተን ኤክስቴንሽን አይደለም። ቀጭን ኤክስቴንሽን ብዙ ጊዜ የሚችለው 10 ወይም 13 አምፔር ነው፤ ያንን በምንጣፍ ሥር አሳልፎ ምጣድ የሚሰካ ሰው ቤት ብሬከሩ ምንም ሳያውቅ ገመዱ እየጋለ ይሄዳል። ምጣድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። እየጋገራችሁ የገመዱን ጫፍ በእጃችሁ ንኩት፤ ከጋለ፣ ሊጡ ቢተርፍም ይተርፋል እንጂ ማቆም ነው። «ብሬከሩን በትልቅ ቀይርልኝ» የሚባለውንም ነገር ተዉት፤ ሽቦው ቀጭን እንደሆነ ትልቅ ብሬከር ማድረግ ዘበኛውን እንደማስተኛት ነው።

ፍሪጅ፣ ፍሪዘር፣ ብሌንደርና ኤሲ ደግሞ ሞተር አላቸው። ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ፍሪጁ ሲነሳ አንዳንዴ አምፖሉ ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ምጣዱ የሞላው መስመር ላይ ፍሪዘር ካለ፣ ሞተሩ በተነሳባት ቅጽበት ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ሳታዩት ካደረም ቅቤውንና የበዓሉን ሥጋ ደህና ሰንብት በሉት።

ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል የሚወስዱት ጥቂት ነው። እነሱ ብሬከር አያወርዱም።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚታወቀው ሻንጣ ስታዘጋጁ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ምጣድ እዚህ 120 ቮልት ላይ ቢሰካ ቮልቱ በግማሽ ገደማ ስለቀነሰ ሙቀቱም በግማሽ ይቀንሳል እንዳትሉ፤ ወደ 1,040 ዋት ይወርዳል፣ ከሲሶ በታች ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከዚህ የተላከ 1,500 ዋት ምጣድ አገር ቤት 220 ላይ ሲሰካ ደግሞ 5,000 ዋት ለመሳብ ይሞክራል፤ ሬዚስታንሱም ይቃጠላል። ብሌንደር ለምትልኩም፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ እዚህ 60፣ እዚያ 50 ስለሆነ ሞተሩ ጠባዩን ሊለውጥና ሊግል ይችላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ካለበት የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

አውሮፓና ዱባይ ያላችሁ 230 ቮልት ስለሆነ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ሆኖም የእንግሊዝና የዱባይ ባለ ሦስት እግሩ ፕላግ 13 አምፔር ነው፤ ወደ 3,000 ዋት ገደማ ይችላል። ባለ 3,500ውን ምጣድ በእሱ አትሰኩ። ጀርመን ያለው 16 አምፔር ሲሆን ወደ 3,680 ይደርሳል፤ ለትልቁ ምጣድ እዚያም ቢሆን ጠርዝ ላይ ናችሁ።

አሜሪካ ሆናችሁ ትልቁን ምጣድ የምር የምትፈልጉ ከሆነ፣ የልብስ ማድረቂያና የትልቁ ምድጃ መስመር ብዙ ጊዜ 240 ቮልት ነው። ለምጣዱም እንደዚያ ያለ የራሱ መስመር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሊዘረጋላችሁ ይችላል። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ባለሙያውን ስትጠሩም የምጣዱን ዋትና ቮልት ከጀርባው ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ ምጣድ ምን እንደሆነ ከማስረዳት ያ ይቀላል።