ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንድም ገጽ አይዘጋብን!

አኒሜሽን የምትሠሩ፣ አኒሜሽን የምታዩ፣ ልጆቻችሁን በአማርኛ አኒሜሽን ፊደል የምታስቆጥሩ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

የአንድ ሰከንድ አኒሜሽን 24 ፍሬም አለው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያዋልን ብንቆጥብ እንኳ 12 ሥዕል ይፈልጋል፤ አንድ ደቂቃ ማለት 720 ሥዕል ነው። በዚያ ላይ ድምፁ አለ፣ የገጸ ባሕርዩን ከንፈር ከአማርኛው ቃል ጋር ማገጣጠሙ አለ፣ መብራት ሲሄድ ሳይቀመጥ የጠፋውን እንደገና መሥራቱ አለ። ይህን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ስቱዲዮ የሌለው፣ በአንድ ላፕቶፕና በነፃ በሚገኘው የብሌንደር ሶፍትዌር የሚታገል ወጣት ነው። ሲኒማ ቤት አይጠብቀውም። ከተመልካቹ የሚያገናኘው ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ነው። ቀልዱ ከተወደደ አንዱ ለሌላው ሼር እያደረገው በአንድ ሌሊት ከጎንደር ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ዋሽንግተን ይደርሳል።

የካቲት 2 ቀን 2015 ይህ መንገድ ተቆረጠ። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጪ በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ሰበብ አገር በተጨነቀበት ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ። ስለ ሹመቱ ስምምነት የተደረሰው በዚያው የካቲት ነበር። እገዳው ግን እስከ ሐምሌ ዘለቀ። አምስት ወር! ምክንያት የተባለው ነገር ከረገበ በኋላ እንኳ የሚከፍት አልነበረም። ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ? ለሕዝብ የቀረበ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላየንም።

የመጀመሪያውም አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቷል። በሰኔ 2010 ደግሞ 264 ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተከፈቱ ተባለ፤ ደስ አለን። ግን እነዚያ ሁሉ ተዘግተው ሲኖሩ ዝርዝራቸውን ያሳየን ማን ነበር?

«የጥላቻ ንግግር ሰው ያስገድላል» የሚሉ ወገኖችን እሰማቸዋለሁ። እውነት አላቸው፤ በዚህች አገር ቃል ደም አፍስሷል። ነገር ግን ለዚያ ሕግ ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ስለ አንድ የጥላቻ መልእክት ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ይጠይቃል። ሕጉ ራሱ አንዱን መልእክት ለይቶ ማንሳት እንደሚቻል ካወቀ፣ አንድ ሌባ ለመያዝ የሰፈሩን በር ሁሉ መቸንከር ምን ይባላል? ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን በስሙ ጠርቶ ይጠብቃል፤ ገደብ የሚጣለውም በሕግ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። አኒሜሽን ሥነ ጥበብ ነው። በስልክ ጥሪ የሚዘጋ ነገር አይደለም።

«እገዳውን የሚያሳልፍ ቪፒኤን አለ አይደል?» አትበሉኝ። ቪፒኤን ዳታ ይበላል፣ ያዘገማል፣ በነፃ ከሚታደሉት ውስጥም የተጠቃሚውን መረጃ የሚሰበስቡ አሉ። ተመልካቹንም በሌላ አገር ያለ ስለሚያስመስለው ሠሪው ሥራው አዳማ ይታይ ፍራንክፈርት አያውቅም። ልጇን ተረት የምታሳይ እናት ደግሞ ቪፒኤን ልትፈልግ አትቀመጥም፤ ስልኩን ትዘጋዋለች።

ተባብሮ መጮኽ ውጤት እንዳለው ከዚህ በፊት ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሶፓ እና ፒፓ የተባሉ ሁለት ረቂቅ ሕጎች የቅጂ መብትን እናስከብራለን ብለው ድረ ገጾችን ወደ መዝጋት ሲሄዱ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ራሱን ለ24 ሰዓት አጨለመ። ዘ ኦትሚል የተባለው የካርቱን ገጽም ሥራዎቹን ደብቆ ሕጉን የሚያስረዳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብቻ ለጠፈ። ጎግል ባዘጋጀው አቤቱታ ላይ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም ረቂቆች በይደር እንዲቆዩ ተደረገ። አንዲት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ረጅሙን የሕግ ጽሑፍ ሰው እንዲገባው ማድረግ ከቻለች፣ የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ምን ይሳናቸዋል?

ስለዚህ አኒሜተሮች፣ አሁኑኑ ተሰባሰቡ! እያንዳንዳችሁ ስለ እገዳ አንዳንድ አጭር ሥራ ሥሩና በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ልቀቁት። ዋናውን የሥራ ፋይል በሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፣ ሌላ ቅጂ ለምታምኑት ባልደረባ ስጡ። ተመልካቾች፣ የወደዳችሁትን አውርዳችሁ ያዙ፤ ገጽ ሲዘጋ ኡኒ ፕሮብ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ አስነስታችሁ መዘጋቱን በማስረጃ መዝግቡ። በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ልጆቻችሁ አማርኛ የሚሰሙበት ሥራ እንዳይጠፋ ቅጂውን እናንተ ዘንድ አኑሩልን። የሕግ ባለሙያዎች፣ ስለ ክስ አቀራረቡ ዛሬ ተማከሩ፤ እገዳ ከመጣ በኋላ ጊዜ የለም።

ጥያቄያችን አራት ነው። እገዳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ትእዛዙ ከነምክንያቱ ይታተም። የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። የሚነካውም ጥፋተኛውን መልእክት እንጂ መድረኩን ሙሉ አይሁን። እነዚህን በአንድ ገጽ ጻፉ፣ ፈርሙ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ አስፈርሙ፣ ከዚያም ተሰብስባችሁ ለመረጣችሁት የሕዝብ ተወካይ በእጁ ስጡት፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።