ሌዘሩ አንድ ቀን ነው፤ ሌንሱ ግን በየቀኑ ነው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ሰሞኑን በጣም ተደጋገመ። «ቲቸር፣ መነጽር ሰለቸኝ። ሌዘር ልሠራ ወይስ ኮንታክት ሌንስ ላድርግ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔን ያበሸቀኝ ሰው የሚሰጠው መልስ ነው። አንዲት ልጅ ይሄንኑ በገጿ ላይ ጠይቃ ከሥሩ የተደረደረውን አስተያየት አነበብኩት። «ኧረ በማርያም! ዓይንሽን በጨረር ልታስጠብሺ ነው እንዴ?» «ሌዘር እንዳትነኪ፣ ዕውር ሆነሽ ትቀሪያለሽ።» «ሌንስ አድርጊ በቃ፣ ካልተመቸሽ አውልቀሽ መጣል ነው።» እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እንዲህ ከሚሉት መሀል ሌንሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ራሳቸው ነግረውኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል። አንድ ቀን የሚያስፈራውን ነገር እንፈራለን፤ በየቀኑ የምናደርገውን አደገኛ ነገር ግን ስለለመድነው አንፈራውም። እኛ ባለንበት ሁኔታ፣ እኛ በምንጠቀምበት አያያዝ፣ «ሌንስ ይሻላል፣ ሌዘር አደገኛ ነው» የሚለው ምክር ለብዙ ሰው የተገለበጠ ምክር ነው።

ሐኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ማይነስ አራት ተኩል መነጽር አደርጋለሁ። የማንም ክሊኒክ ማስታወቂያ አልሠራም። ውሳኔው የእናንተና የዓይን ሐኪማችሁ ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በ«ጨረሩ ዓይን ያቃጥላል» እንጀምር። ማይነስ ዓይን ማለት ባብዛኛው ከፊት ወደ ኋላ ትንሽ የረዘመ ዓይን ነው። ብርሃኑ ሬቲናው ላይ መሰብሰብ ሲገባው ከሬቲናው ፊት ይሰበሰባል፤ ለዚህ ነው ሩቁ የሚደበዝዘው። መነጽርም ሌንስም የሚሠሩት ብርሃኑን ትንሽ በትነው የመሰብሰቢያ ነጥቡን ወደ ኋላ መግፋት ነው። ሌዘሩ ይሄንኑ የሚሠራው ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይናችንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ መሀሉን በጥቂቱ ጠፍጠፍ በማድረግ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ኤክሳይመር የሚባለው ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር ነው። ይሄ ዓይነቱ አልትራቫዮሌት ብርሃን ላዩ ላይ ተመጥጦ ያልቃል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሬቲና ጋ አይደርስም። የሚሠራውም ሞለኪውሎቹን ያያያዘውን ትስስር በመበጠስ ነው እንጂ እንደ ብየዳ በመጥበስ አይደለም። ትናንት የመጣ ነገርም አይደለም፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ላሲክ ከተሠሩት ሰዎች ከመቶ 95 የሚሆኑት በውጤቱ ረክተዋል ይላል። የቀሩት 5ቱ ጋ እመለሳለሁ፤ አልደብቃቸውም።

አሁን ወደ ሌንሱ። «አውልቀሽ መጣል ነው» የሚሉት ሰዎች ስንት ጊዜ እንደሚወለቅ ቆጥረው ያውቃሉ? ዛሬ 20 ዓመት የሆናት ልጅ እስከ 40 ዓመቷ ሌንስ ታድርግ እንበል። 20 ዓመት ሲባዛ በ365፣ 7,300 ቀን። በቀን ሁለት ዓይን፣ ጠዋት ማድረግ፣ ማታ ማውለቅ፤ አራት ጊዜ ጣት ወደ ዓይን። 29,200 ጊዜ! ሌዘር ላይ ንጽሕናው በአንድ ሐኪም እጅ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን የሚጠበቅ ነው። ሌንስ ላይ ግን ታክሲ ስትጋፊ ውለሽ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ደክሞሽ፣ እንቅልፍ እየጣለሽ ራስሽ 29,200 ጊዜ የምትጠብቂው ነው።

ቁጥርም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ለስላሳ ሌንስ ቀን ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች መሀል በዓመት 2 ገደማ ሰዎች ኮርኒያቸው በጀርም እንደሚቆስል አገኘ። ይዘውት የሚተኙት ግን ከ10,000 ወደ 20 ይጠጋሉ። አሥር እጥፍ! ይሄ በየዓመቱ ነው፤ በ20 አባዙት። በሥርዓቱ ለሚጠቀመው ከ1,000 ሰው 4፣ ይዞት ለሚተኛው ከ100 ሰው 4 ይሆናል። ከሌዘር በኋላ የሚመጣ የጀርም ቁስለት በአብዛኛው ሪፖርት ከ1,000 ሰው 1 አይሞላም፤ እሱም አንዴ ነው።

ልብ በሉ፣ ያ ቁጥር ቧንቧው ሃያ አራት ሰዓት ከሚፈስበት አገር የመጣ ነው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ከሮቶ የተቀዳ፣ በጀሪካን የከረመ ውሃ ነው። አካንታሜባ የምትባል በዓይን የማትታይ ነፍስ አለች፤ ኑሮዋ ውሃ ውስጥ ነው፣ ንጹሕ በሚመስል የቧንቧ ውሃ ውስጥ ጭምር። ሌንስ ላይ ተጣብቃ ኮርኒያ ውስጥ ከገባች ሕክምናው የወራት ነው፤ ሕመሙ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ሌንስ በውሃ አይታጠብም። ነጥብ። በቧንቧም፣ በሃይላንድም፣ ፈልቶ በቀዘቀዘም። በራሱ ማጠቢያ ፈሳሽ ብቻ። ሻወር ስትገቡም፣ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ስትዋኙም፣ ጸበል ስትጠመቁም ይወለቃል። ይሄን ሌንስ ስትገዙ የነገራችሁ ሰው አለ? የማጠቢያው ፈሳሽ አልቆ ሱቅ ሲጠፋስ ምን አደረጋችሁ? የትናንቱ ላይ ጨምራችሁ አልተጠቀማችሁም? እዚህ ጋ ዝም የሚለው ሰው ብዙ ነው።

እኛ አስተማሪዎች ደግሞ የጠመኔ ብናኝ አለብን። ሰሌዳ ጠርጎ በዚያው እጅ ሌንስ ማስተካከል ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቃል።

ከሁሉም የከፋው ግን ቁጥር የሌለው፣ ለጌጥ ተብሎ የሚደረገው ባለቀለም ሌንስ ነው። ስሟን አልጠራም፤ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ያስተማርኳት ልጅ ለእህቷ ሰርግ ሚዜ ሆና ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ግራጫ ሌንስ ገዛች። ዓይኗን ያየ ባለሙያ የለም። ከሌላዋ ሚዜ ጋር ተቀያየሩት። በቧንቧ ውሃ አለቃለቁት። ሰርጉ እሑድ ነበር፤ ማክሰኞ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ቁስሉ በስንት መከራ ዳነ፤ ግን ኮርኒያዋ መሀል ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ያቺ ልጅ መነጽር የማያስፈልጋት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የሰሌዳውን ጽሑፍ የምታነብ ልጅ ነበረች። ቅንድብ አሳምራለሁ ብላ ዓይን አጠፋች እንደሚባለው። «አውልቆ መጣል ነው» ለምትሉ፦ ሌንሱ ይወለቃል፤ ጠባሳው አይወለቅም። እንዲህ ያለውን ጠባሳ የሚተካው ከሞተ ሰው በልገሳ የሚገኝ ኮርኒያ ነው፤ ሱቅ አይሸጥም።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። ሌዘር ለሁሉም ሰው አይደለም፤ «ነገውኑ ሄዳችሁ ተሠሩ» እያልኩም አይደለም። ይሄንንም በሒሳብ እንየው። የብዙ ሰው ኮርኒያ መሀሉ ላይ 540 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ነው። ላሲክ በሚባለው ዘዴ መጀመሪያ እንደ ክዳን የሚገለጥ 110 ማይክሮን ገደማ ስስ ሽፋን ይቆረጣል። ከዚያ ለአንድ ቁጥር 15 ማይክሮን ያህል ይነሳል ብለን እንያዝ። ማይነስ 5 ለሆነ ሰው፦ 540 ሲቀነስ 110፣ ሲቀነስ 75፣ 355 ይቀራል። ደህና ነው። ማይነስ 10 ለሆነ ሰውስ? 280 ይቀራል፤ ሐኪሞች ከ250 እስከ 300 በታች መውረድ አይወዱም፤ ጠርዝ ላይ ነው። ኮርኒያው ከተፈጥሮው ስስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ክዳን ሳይቆረጥ ላዩን የሚሠራ ፒአርኬ የሚባል ዘዴም አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያማል፣ እይታውም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ግን ኮርኒያን ይቆጥባል።

ሌላው ኬራቶኮነስ ነው። ኮርኒያ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚወጣበት ሕመም ነው። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ እኛ ጋ ደግሞ በልጅነቱ በዓይን አለርጂ ሲያሳክከው እያሸ ያደገ ሰው ሞልቷል። ይሄ ሕመም ያለበት ሰው ላሲክ ቢሠራ ዓይኑ ይባስ ይበላሻል። የሚታወቀው በኮርኒያ ካርታ ምርመራ ነው። ይሄ ምርመራ ሳይሠራ ሌዘር ውስጥ የሚያስገባችሁ ሰው ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

ከሌዘር በኋላ የዓይን ድርቀት የተለመደ ነው፤ ባብዛኛው በወራት ውስጥ ይሻላል፣ የማይሻለውም አለ። ማታ ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታያቸው አሉ፤ ሌሊት ለሚነዳ ሹፌር ይሄ ቀላል አይደለም። ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣውን የንባብ መነጽርም ሌዘር አያስቀረውም። የዓይኑን ርዝመትም አያሳጥረውም፤ ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረ ሰው ከሌዘር በኋላም ሬቲናው የመላቀቅ አደጋው አብሮት ነው። ድንገት ብልጭታ ወይም የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ካየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ካልረኩት 5 ሰዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ መሀል ናቸው፤ ከመሠራታችሁ በፊት ማወቅ መብታችሁ ነው።

ለሌዘር ብላችሁ ህንድ፣ ቱርክ ወይም ዱባይ ለምትሄዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ጠዋት ምርመራ፣ ከሰዓት ሌዘር፣ በነጋታው ሽርሽር» የሚል ጥቅል ስታዩ ተጠራጠሩ። ሌንስ ሲደረግ የቆየ ኮርኒያ ቅርጹ ትንሽ ይለወጣል፤ ለስላሳውን እንኳ ከምርመራው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት ማውለቅ ይጠየቃል። ሌንስሽን ከዓይንሽ አስወልቆ በዚያው ቀን ለክቶ የሚሠራሽ ሰው የተዛባ ልኬት ላይ ነው የሚሠራው። ጠብታውና ክትትሉም የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ነው። አገር ቤት ስትመለሱ ማን ነው የሚያያችሁ? ይሄን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መልሱ።

ሌንስ የግድ የሚሆንላቸው ሰዎችም አሉ። ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው በመነጽር የማያገኘውን እይታ በጠንካራው ሌንስ ያገኛል። የሁለት ዓይኑ ቁጥር በጣም የተራራቀ ሰውም እንደዚሁ። ለእነሱ ሌንስ ሕክምና ነው፤ በሐኪም ተለክቶ፣ በሐኪም እየታየ። እኔ እየተከራከርኩ ያለሁት ሌንስን እንደ ጆሮ ጌጥ ከሚያየው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ለተማሪዎችና ለወላጆች ደግሞ፦ ከ18 ዓመት በታች ቁጥሩ ገና እየጨመረ ነው፤ ሌዘር አይታሰብም። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። እስከዚያ መነጽር። ክፍል ውስጥ መነጽሩን ደብቆ የጓደኛውን ደብተር የሚገለብጥ ልጅ በየዓመቱ ይገጥመኛል፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ «አራት ዓይን ይሉኛል።» ይበሉህ! በእኛ አገር የአራቱን ጉባኤ ትርጓሜ ያጠናቀቀ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባል ነበር፤ የክብር ስም ነው። መነጽር ጀርም አያስገባም፣ በውሃ ይታጠባል፣ ማታ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ከሦስቱ አማራጮች ዓይንን የማይነካ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ እሱ መሆን ነበረበት፤ ፎቶ ላይ አያምርም ብለን ነው የናቅነው።

እንግዲህ «ቲቸር፣ የቱ ይሻላል?» ላላችሁኝ፦ መነጽሩ ካልከበዳችሁ በመነጽር ቀጥሉ። በእውነት ከከበዳችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከደረሰ፣ ቁጥራችሁ ከቆመ፣ ካርታውም ውፍረቱም ደህና ነው ከተባለ፣ ሌዘርን በወሬ አትፍሩት። ገንዘቡ ለጊዜው ከሌለ ቆጥቡ፤ ዓይናችሁ ይጠብቃችኋል። ሌንስ የምታደርጉ ደግሞ ዛሬ ማታ አውልቃችሁ ተኙ። ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁና ብርሃን ካስጠላችሁ «ነገ ይሻለኛል» አትበሉ፤ አንዳንዱ ጀርም ኮርኒያን በአንድ ሁለት ቀን ነው የሚበላው። ሌንሱን ከነማስቀመጫው ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የማትስማሙ ካላችሁ ከሥር ጻፉ፤ እንከራከራለን። ስድብ ግን አልፈልግም፣ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ሚዜ የምትሆን እህት ወይም ጓደኛ ያለቻችሁ ደግሞ ከሰርጉ በፊት ሼር አድርጉላት።