ሳይለኩ ማፍረስ



ቁርኣን የቀራሁበት አሮጌው የሰፈራችን መስጂድ ፈርሶ በብሎኬት ሲሠራ እኔም በደስታ ድንጋይ አቀብያለሁ። ጀመዓው በዝቷልና መስፋቱ አይከፋም። የሚቆጨኝ አንድም ሰው ሳይለካው መፍረሱ ነው።

በካይሮ የአጋ ኻን የባህል ትረስት የአዝሃር ፓርክን ሲሠራ፣ ከፍርስራሽ ክምር ሥር የአዩቢዎች ግንብ ወጣ። ድርጅቱ ግንቡን ብቻ አላደሰም፤ የጎረቤቱን የደርብ አል-አሕመር ነዋሪዎች ግንበኝነትና አናጺነት አሠለጠነ፣ ቤት ማደሻም አበደረ።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የእኛን ትንንሽ መስጂዶች ግን ማን ይመዝግብ? እንዲህ ያለ ድርጅት ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀን ፕላን ነው።

ወንድምና እህቶች፣ ለክረምት አገር ቤት ስንገባ ሜትር እንያዝ። እንለካ፣ እንሳል፣ አባቶችን እንጠይቅ። ኢንሻአላህ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆንልናል።