ድስቱ ለማን ነው?

ዛሬ ስለ ድስትና ስለ መጥበሻ እንጨዋወት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ትዳር የመጀመሪያውን ብድር የሚበደረው በዚሁ ነው።

ባለፈው ሰሞን ጦር ኃይሎች ወዳለው ቤታችን ሠርጓ ሁለት ወር የቀረው አንዲት እህት መጣች። ቡናው እየፈላ ሳለ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና፣ «እትዬ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዙ ነበር?» አለችኝ። ባለ 12 ፍሬ የድስት ስብስብ፣ ሦስት የማያጣብቅ መጥበሻ፣ የኬክ መጋገሪያ በየመጠኑ ተጽፏል። ዋጋው ሲደመር የሦስት ወር የቤት ኪራይ ያህላል፤ ግማሹን ልትበደር አስባለች። እጮኛዋ ግን ገና አልሰማም።

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ወደ ቡፌው ወሰድኳትና የራሴን ጥፋት ነገርኳት።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ዕቁብ ወጣልኝ። ለባለቤቴ ሳልነግረው በገንዘቡ የሚያብረቀርቅ የድስት ስብስብ ገዛሁ። ሲያውቅ አልተቆጣም፤ ዝም አለ። ዝምታው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የገዛሁትን «ለእንግዳ» ብዬ ቡፌ ውስጥ መደርደሬ ነው። የዕለት ወጣችንን የምሠራው በርካሽ በገዛኋት፣ የፋብሪካ ምልክት በሌላት ሻካራ የአልሙኒየም ድስት ነበር። እንግዳ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መጣ፤ ልጆቼ ግን በየቀኑ ከዚያች ድስት በሉ።

ርካሹ ድስት ከምን ተሠራ?

አልሙኒየም ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ ሲለወጥ ያየ ሰው የእነዚያን እጆች ጥበብ ያደንቃል። ጥያቄው ድስት ሆኖ የቀለጠው ቁርጥራጭ ከየት መጣ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን፣ በ2017 ደግሞ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከመካከለኛው አሜሪካ ከ10 አገሮች በተሰበሰቡ የአልሙኒየም ማብሰያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ከቁርጥራጭ ብረት ከተሠሩት ብዙዎቹ ሲበሰልባቸው እርሳስ (ሊድ) የተባለውን መርዛማ ብረት እንደሚለቁ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ይበልጥ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው።

እርሳስ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ከምን እንደተሠራ ሻጩም የማያውቀውን፣ ሻካራና ምልክት የሌለውን ድስት ለምግብ አትግዙ። በፋብሪካ አልሙኒየም የምትሠሩም ብትሆኑ ቲማቲምና ሎሚ ያለበትን ምግብ አታሳድሩበት፤ ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ይበላዋል።

ጥቁሩ የብረት ድስት

በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት ግን ያስደስተኛል። በትግራይ ከ400 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ሲሆን፣ ገሚሱ ቤተሰብ በብረት ድስት፣ ገሚሱ በአልሙኒየም ድስት ለ12 ወራት እንዲያበስል ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በብረት ድስት የበሉት ሕፃናት የደም ማነሳቸው ቀንሶ፣ እድገታቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ከድስቱ ጥቂት ብረት ወደ ምግቡ መግባቱ ነው። ይህ ድስት ከባድ ነው፤ ይዝጋልም። ታጥቦ ወዲያው በእሳት ከደረቀና ዘይት ከተቀባ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ገበያ ስትሄዱ

የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) ድስት ስትገዙ ብልጭታውን ሳይሆን ቂጡን እዩ። እኛ ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ የምናቁላላ ሰዎች ነን፤ ስስ ቂጥ ያለው ድስት ሙቀቱን ስለማያዳርስ መሐሉን ያሳርራል። ቂጡ ወፍራምና ዝርግ ይሁን፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የጎበጠ ድስት ኃይል ያባክናል። ክዳኑ ይግጠም፤ እጀታውን ነቅነቅ አድርጋችሁ ፈትኑ።

የማያጣብቀው መጥበሻ (ቴፍሎን) ለእንቁላል ምቹ ነው። ነገር ግን ባዶውን እሳት ላይ አትተዉት፤ ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል፤ ጭሱም ጎጂ ነው። በእንጨት ማማሰያ ተጠቀሙ፤ ከተላጠ ደግሞ አሰናብቱት። አንድ ይበቃል።

ለኬክ ጥቁር መጋገሪያ ቶሎ ያሳርራል፤ ነጣ ያለው ቀስ ብሎ ያበስላል። ጥቁር ካላችሁ ሙቀቱን ትንሽ ቀንሱ። ለድፎ ዳቦ ግን ወፍራም ብረት ምጣድና ኮባ ቅጠል ካለ፣ እናቶቻችን ከላይና ከታች እሳት አድርገው የጋገሩት ዛሬም አልተሸነፈም።

ሽሮዋን የምንወዳት ሸክላ ድስትም አትረሳ። በደንብ ካሟሻችኋት ሙቀት ይዛ ትቆያለች፤ ዋጋዋም ቀላል ነው። ቀጨኔ ሄዳችሁ ከሠሪዋ እጅ ብትገዙ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተውላላችሁ። ሸክላ ሠሪ እናቶች ለዘመናት በንቀት ስም ተጠርተዋል፤ በጀበናቸው ቡና የጠጣን ሁሉ ከእነርሱ ጋር ማዕድ ለመቁረብ አፍረናል። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ ኤርምያስ በኩል ራሱን ከሸክላ ሠሪ ጋር ለማመሳሰል አላፈረም። ስለዚህ ስትገዙ ዋጋ አታራክሱባቸው፤ ስማቸውንም ጠይቁ።

የወረቀቱ መጨረሻ

እህታችን እስክሪብቶ ተቀብላ መሰረዝ ጀመረች። የቀሩት አምስት ሆኑ፤ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ወፍራም የስቲል ድስት፣ አንድ የብረት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ሸክላ። ብድሩም አላስፈለገም። «የኔ ልጅ፣ አሁን ይህን ወረቀት ለእጮኛሽ አሳይው። ከገበያው በፊት እርሱ ይወቅ» አልኳት። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ፣ «ከዋጋው ይልቅ ለእርሱ መንገሩ ነበር የከበደኝ» አለችኝ። እኔም ያኔ የከበደኝ ይኸው ነበር።

እርሷ ከሄደች በኋላ ቡፌውን ከፍቼ ትልቁን ድስት አወጣሁና የዕለት ሽሮዬን ሠራሁበት። ባለቤቴ ማዕድ ሲቀርብ ድስቱን አየና፣ «ዛሬ እንግዳ አለብን እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ እኛው ነን» አልኩት። ሳቀ። ልጆቼ አድገዋል፤ ያለፉትን ዓመታት መመለስ አልችልም። ሻካራዋን ድስት ግን አፈር ሞልቼባት ጤና አዳም ተክዬባታለሁ።

ውድ እህቶቼ፣ እናንተስ በቡፌ ውስጥ ምን አላችሁ? ጥሩው ዕቃችሁ መጀመሪያ በቤታችሁ ላሉት ይሁን፤ እንግዳም ሲመጣ ከዚያው ይብላ።